ከብረት ጋር የታሰረው

ጅረቱ በዚያ ቦታ ጉልበት አይደርስም። ሰውየው ግን ሰጥሞ ነው የሞተው።

ኢንስፔክተር ሮማነወርቅ እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ለማስኬድ ስትታገል ፀሐይዋ አናቷ ላይ ወጣች። ከአርባ ምንጭ ወደ አባያ በሚወርደው ሜዳ፣ ሙዙ እንደ ግድግዳ ግራና ቀኝ በቆመበት፣ ቀዩ ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብላ ሬሳውን ታየዋለች። የሆስፒታሉ ሐኪም «ውኃ ነው የገደለው፤ ትናንት ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ባለው ጊዜ» ብሎ ጓንቱን አውልቋል። ሐኪም ሥራው ይኸው ነው፤ በምን እንደሞተ ይናገራል፣ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ግን ለፖሊስ ትቶ ይሄዳል።

ሟቹ ሳምሶን ይባላል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እንጀራው ውኃ መቅዳት ነበር፤ በየወሩ ከወንዝ፣ ከጉድጓድና ከሐይቅ ዳር ናሙና በጠርሙስ እየቀዳ ላቦራቶሪ ያደርሳል። ካልሲው ንጹሕ ነው። ቀይ ጭቃ አልነካውም። ሱሪው እጥፋት ውስጥ ደግሞ ግራጫ ነገር ደርቋል። ሮማነወርቅ አመድ መሰላት፤ በስልኳ ፎቶ አንስታ አለፈችው።

«ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ሚካኤል ከሸምበቆው ማዶ። «ቦርሳው ይኸው። አጥር ላይ ተሰቅሏል።»

«የማን አጥር ነው?»

ሚካኤል መጀመሪያ ቦርሳውን አወረደ። ከላይ ከተራራው፣ የኦቾሎ ልጅ ነው፤ የአጥሩ ባለቤትም የኦቾሎ ሰው ነው።

«የጌታነህ» አለ በመጨረሻ። «ሟቹን ባለፈው ሳምንት ሙዝ መመዘኛው ጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ 'ዳግመኛ ውኃዬን ስትቀዳ ባገኝህ ከሙዙ ሥር ነው የምቀብርህ' ብሎታል።»

ጌታነህ ሲያዝ እጁ ላይ ገጀራ ነበር። ይህም አልጠቀመውም። ሙዝ በገጀራ ካልሆነ በምን እንደሚቆረጥ የጠየቀ ግን አልተገኘም።

*

«ዝተሃል?»

«ዝቻለሁ።»

«እቀብርሃለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ።» ጌታነህ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። «ሦስት ዓመት ይመጣል። ውኃ በጠርሙስ ይወስዳል፣ ይሄዳል። ምን አገኘህ ስለው ለመሥሪያ ቤቱ ነው የምነግረው ይላል። የሚጠጣው የእኔ ጥጃ ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ ጥጃ?»

ሚካኤል ሳቁን በሳል አሳለፈው።

«ሰኞ ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?» አለች ሮማነወርቅ።

«ሙዝ ውስጥ።»

«ማን አየህ?»

«ሙዙ።»

ሮማነወርቅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከደብረ ማርቆስ ተነሥታ እዚህ ከተማ ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ነፍሰ ገዳይ ብዙ አይታለች። የሚያለቅስ አይታለች፣ የሚምል አይታለች፣ የሚያቅራራም አይታለች። በምስክርነት ሙዝ የሚጠራ ግን አልገጠማትም። ሞኝ ነው ወይስ እያሾፈባት ነው? መለየት አቃታት፤ አለመለየቷም አናደዳት።

በሩ ላይ ሚስቱ ወርቂቱ ኩርኩፋ በሳህን ይዛ ቆማለች፤ የበቆሎና የሀለኮ ቅጠል ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ወርቂቱ አማርኛ የለመደችው ገበያ ላይ ነው። ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ኢንስፔክተርም ብትሆን አልቀረላትም።

«አንተ ነህ አለቃው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቦርሳውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ውኃ ዳር ወድቆ አገኘሁ። ባለቤቱ ሲያልፍ እንዲያይ ሰቀልኩ። ሌባ የሰረቀውን አጥር ላይ ይሰቅላል?»

«ሰውየው እዚያው አጠገብ ነበር። አላየሽውም?»

«ሸምበቆ ነው። ቦርሳ እንጂ ሬሳ አልፈለግሁም።» ሳህኑን ለሚካኤል ሰጠችው። «አንተ ጻፍ፤ ያ ውኃ የእኔን ጉልበት አይነካም። ትልቅ ሰው እንዴት ነው የሚሰጥመው? ተኝቶ?»

ሮማነወርቅ ጻፈችው።

«ነገ እሱን ገዳይ ብለህ ብትጽፍ» አለች ወርቂቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ አገር የሰው ደም ያለበት ቤት ብቻውን ነው የሚቀረው። አብሮን የሚቀመጥ፣ አብሮን የሚበላ የለም። ልጄን የሚያገባ የለም። እሱ እስር ቤት ይሆናል፤ እኔ ግን ከሱ የባሰ እስር ቤት ነው የምገባው።»

*

ከጌታነህ እርሻ ሽቅብ ግማሽ ሰዓት ሲሄዱ ክር ማቅለሚያው ፋብሪካ አለ። ጅረቷ በአጥሩ ሥር ታልፋለች፤ የፋብሪካው እጣቢም ወደ እሷ ይገባል። የፍሳሽ ማጣሪያው ኃላፊ ኢንጂነር ልዑልሰገድ ሮማነወርቅን ቆሞ ተቀበላት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የአንድ አገር ልጆች፣ ይባስ ብሎም የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መሆናቸው ተገኘ። ከዚያ በኋላ «ኢንስፔክተር» ቀርቶ «እህቴ» ሆነች። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው አነጋገሯን እየሰማ «ከየት ነሽ?» ሲላት ኖራለች።

«ሳምሶን ጨዋ ልጅ ነበር» አለ ልዑልሰገድ። «በየወሩ ይመጣል፣ ይቀዳል። እኛም በየወሩ ሪፖርት እናደርጋለን። ይኸው፣ እይው፤ 'ነጻ ኢዲቲኤ፦ የለም።' ሁሌም የለም።»

«ኢዲቲኤ ምንድን ነው?»

«ነጭ ዱቄት ነው። ውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን ቀለማችንን እንዳያበላሽ ይዞ ዝም ያሰኝልናል። አትደንግጪ፤ ሳሙናሽም ውስጥ አለ።»

«ሰኞ ሳምሶንን አግኝተኸዋል?»

«ሰኞ እዚህ መች ነበርኩ? ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ አዳራሽ፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ከሰባት ተኩል እስከ አሥራ አንድ። ሠላሳ ሁለት ሰው ምስክሬ ነው።» ስልኩን አወጣና ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ፎቶ አሳያት። እሱ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆሟል፤ ጥቁር ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጁን አንሥቶ እየተናገረ። «ስለ ንጹሕ ውኃ ነበር ንግግሬ። ተጨብጭቦልኛል።»

«ኮቱ አምሮብሃል» አለችው።

እንዲህ ብላው ወጣች። በኋላ ይህቺን ንግግሯን ስታስታውስ ጥርሷን ነው የነከሰችው።

*

ሐሙስ ማለዳ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ሮማነወርቅ ማክሰኞ ዕለት ከጌታነህ አጥር ሥር ራሷ ውኃ ቀድታ፣ ሐኪሙም ከሟቹ ሳንባ የወጣውን ውኃ በብልቃጥ አሽጎ፣ ሁለቱም ሳምሶን ናሙናውን ያደርስበት ወደነበረው ላቦራቶሪ ተልከው ነበር። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። መዝገብ ደግሞ በአማርኛ ነው የሚያዘው፤ ስለዚህ ሚካኤል ተርጉሞ በጣቢያው አዛዥ በኮማንደር ሽበሺ ፊት አነበበው።

«ከሟቹ ሳንባ የተገኘው ውኃ፦ ነጻ ኢዲቲኤ የለም፤ ከብረት ጋር የታሰረ ኢዲቲኤ አለ። ከተጠርጣሪው አጥር ሥር የተቀዳው ውኃ፦ ነጻ ኢዲቲኤ የለም፤ ከብረት ጋር የታሰረ ኢዲቲኤ አለ።»

«አንድ ዓይነት ነው» አለ ኮማንደሩ።

«አንድ ዓይነት ነው» አለ ሚካኤል። ፊቱ ግን አልፈካም።

«እንግዲህ ምን ትፈልጊያለሽ ሮማን? እዚያው ሰጠመ። ዛቻ አለ፣ ቦርሳ አለ፣ አሁን ደግሞ ሳይንስ መጣ። ነገ ጠዋት መዝገቡ ለዓቃቤ ሕግ ይሂድ።»

«ጉልበት በማይደርስ ውኃ፣ ኮማንደር?»

«አንገቱን ለተያዘ ሰው ሳህን ውኃ ይበቃዋል።»

«አንገቱ ላይ የጣት ምልክት የለም። ካልሲው ላይ ጭቃ የለም። እግሩ መሬት ሳይነካ ጭቃ ውስጥ እንዴት ገባ?»

«ይህን ሁሉ ፍርድ ቤት ይጠይቅ።»

ሮማነወርቅ ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ውኃው እዚያ ሞተ ይላል። ጭቃው እዚያ አልሞተም ይላል። ጌታነህ ምንም አላደረግሁም ይላል፤ እንዲህ በረጋ ፊት የሚዋሽ ሰው ግን አላየችም፤ ወይም አይታ አላወቀችም። የያዘችው ሁሉ እየተንሸራተተ ይወጣል። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስት ጊዜም ያው ነው። አራተኛውን ልትጀምር ስትል ስልኳ ጮኸ።

«ሰውየውን ፈታችሁት?» አለች አንዲት ወጣት፣ ሰላምታም ሳታስቀድም።

«ማን ልበል?»

«መቅደስ ነኝ፣ ከላቦራቶሪው። ባለ ሙዙን ፈታችሁት ወይ?»

«ለምን ብለን እንፈታዋለን?»

«ውጤቱን ልኬያለሁ እኮ» አለች መቅደስ፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጠች። «አላነበባችሁትም?»

*

ሮማነወርቅና ሚካኤል ላቦራቶሪው ሲደርሱ የመቅደስ ዓይን አብጧል። ከሳምሶን ጋር አራት ዓመት አብራ ሠርታለች። ሁለቱን ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ አቆመቻቸው።

«ይሄ ዱቄት ባዶ እጁን አይሄድም። መንገድ ላይ ያገኘውን ጨብጦ ነው የሚሄደው፤ አንዴ ከጨበጠ ቶሎ አይለቅም። በቀይ አፈር ውስጥ ካለፈ የአፈሩን ብረት ይይዛል። ምን እንደጨበጠ ካወቁ ውኃው የት እንደቆየ ያውቃሉ። ይሄኛው የጅረቱ ነው፤ የያዘው ብረት ነው። ይሄኛው ደግሞ ከሳሚ ሳንባ» አለችና ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ «ይሄኛው የያዘው ዚንክ ነው። አንድ ቦታ የነበሩ ውኃዎች አይደሉም።»

«ወረቀቱ ሁለቱንም ብረት ነው የሚለው» አለች ሮማነወርቅ።

«የእኔ ወረቀት?»

ሁለቱም ወደ ሚካኤል ዞሩ። ሳጅኑ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክራል።

«ዚንክ ብረት አይደለም እንዴ?» አለ። «መዝገበ ቃላት ላይ ብረት ነክ ነገር ይላል። እኛ ሁሉንም ብረት ነው የምንለው። ሚስማሩ ብረት፣ በሩ ብረት፣ ቆርቆሮው ብረት…»

«እንግዲያው ወርቁንም ብረት በለውና ለሚስትህ ብረት እሰርላት!» አለች መቅደስ።

ሚካኤል ጆሮው ቀላ። ሮማነወርቅ ልትቆጣው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው፤ ሦስት ጊዜ አንብባ «ምን ብረት?» ብላ ያልጠየቀችው ራሷ ነበረች። በአንዲት ቃል ሰው ሊሰቅሉ ነበር።

«ፋብሪካው 'ነጻ የለም' ይላል» አለች።

«እውነቱን ነው! ሁሉም ታስሯላ። ነጻውን ብቻ ፈልጎ አጣሁ ማለት፣ እስረኛን አስፋልት ላይ ፈልጎ አላገኘሁትም እንደማለት ነው። ሳምሶን የታሰረውን መቁጠር ከጀመረ ወዲህ ነው ኢንጂነሩ ሰላምታ የነሳው። የታሰረው ነው መጥፎው፤ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ሁሉ ቀስቅሶ፣ ይዞ አባያ ይገባል።»

«ዚንኩስ ከየት መጣ?»

«ቆርቆሮን የሚቀቡት በዚንክ ነው። ግን ከጣራ ላይ የወረደ ዝናብ ይህን ያህል አይሰጥም። የፋብሪካው ውኃ አዲስ ቆርቆሮ ውስጥ ሳምንታት መተኛት አለበት።»

ሮማነወርቅ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። እስከ ሐይቁ ድረስ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው። የቱን ትያዝ?

«ሳምሶን ሰሞኑን ምን ይል ነበር? የማይመስል ነገርም ቢሆን።»

መቅደስ አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገች። «ቅዳሜ ዕለት 'መቅዲ፣ ከፋብሪካው የሚወጣው ውኃ ግማሹ ጅረቱ ውስጥ የለም፤ ሽቅብ ወጥቷል' አለኝ። ውኃ መቼ ነው ሽቅብ የወጣው ብዬ ሳቅሁበት።»

ሮማነወርቅ ስልኳን አወጣችና የሱሪውን እጥፋት ፎቶ አሳየቻት። «ይህን አመድ የት ሊያገኘው ይችላል?»

መቅደስ ፎቶውን አስፍታ አየችው። «አመድ እንዲህ ተጋግሮ አይደርቅም። ሲሚንቶ ነው።»

ሽቅብ። ሲሚንቶ። ሚካኤል ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

«ሴቻ» አለ። «ኢንጂነሩ ንግግር ያደረገበት አዳራሽ ጀርባ ሕንፃ እየተሠራ ነው።»

*

ወደ ሴቻ የሚወጣው አስፋልት ላይ ሮማነወርቅ አልተናገረችም። አዳራሹ ደጃፍ ወረደችና መራመድ ጀመረች፤ ከአዳራሹ የጓሮ በር እስከ ግንባታው አጥር መቶ ሃያ እርምጃ ቆጠረች። ኢንጂነሩ ነበርኩበት ያለው፣ እሷም ከወንጀሉ ሩቅ ነው ብላ የመዘገበችው አዳራሽ ከዚህ መቶ ሃያ እርምጃ ነው።

የግንባታው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሳባ ትባላለች፤ እርሳሷን ሻሿ ውስጥ ሰክታለች፣ ምላሷ ለማንም አይመለስም።

«ፖሊስ ሲሚንቶ ይገዛል እንዴ ዛሬ?»

«ውኃ ነው የምፈልገው። ከየት ነው የምታገኙት?»

«ከየት እናገኛለን? ሴቻ ውኃ የሚመጣው እንደ ዘመድ ነው፤ ሲፈልግ። ፋብሪካው በቦቴ እያመጣ በነጻ ይሰጠናል። ኢንጂነር ልዑልሰገድ ነው ያመቻቸልን። በነጻ ነው ብለን ተቀበልን፤ ይኸው ኮንክሪቱ አልደርቅ ብሎ እንደ አጥሚት ሲንቦጫረቅ ይውላል።»

ገንዳውን አሳየቻቸው። ከሰው ቁመት በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያው ቆርቆሮ ለብሷል፤ አንድ ጣውላ ላዩ ላይ ተጋድሟል። ሮማነወርቅ ጎንበስ አለች። ቆርቆሮው ከውኃው በላይ እንደ መስተዋት ያበራል። ውኃው በሚደርስበት በኩል ግን ብርሃኑ ተገፏል፤ እንደ ቁስል ቀይ ዝገት አብቅሏል።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሦስት ወር። ሻጩን ልንከስ ነው።»

«ሻጩን ተይው» አለች ሮማነወርቅ። «ሰኞ፣ ስብሰባው ለሻይ ሲወጣ፣ እዚህ ማን መጣ?»

«ኢንጂነሩ ነዋ። ሌላም አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ልጅ ወደ ገንዳው ሲሄድ አይቻለሁ፤ ሲመለስ አላየሁም፤ ማቀላቀያው እየጮኸ ነበር፣ እኔም ሚስማር እቆጥር ነበር። ኢንጂነሩ ግን ግምጃ ቤት መጥቶ ጨርቅ ስጪኝ አለ። ሸሚዙ እስከ ብብቱ ርሷል። ቧንቧ ፈነዳብኝ አለ።»

«እዚህ ቧንቧ አለ?»

«የለም። ግን ኢንጂነር ነው፤ እሱ ካለ ይኖራል ብዬ ሰጠሁት።» ሳባ ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፒካፑን በጓሮ አስገብቶ 'ውኃውን ልፈትሽ፣ ሠራተኛው ይሂድ' አለ። ሸራም ተውሶ ሄደ። እስካሁን አልመለሰም… ምነው? ምን ሆነ?»

«ለምን ለፖሊስ አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ ሜዳው ላይ አይደል የከረማችሁት!»

*

ልዑልሰገድ ጣቢያው ሲገባ እንደ ወትሮው ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ደግሞ ምን ገጠመሽ?»

ሮማነወርቅ ፎቶውን ፊቱ አደረገች።

«ሰኞ ሙቀት ነበር?»

«አርባ ምንጭ መቼ ሙቀት ጠፍቶ ያውቃል?»

«ሠላሳ ሁለቱም ሰው በሸሚዝ ነው። ከሻይ በፊት በተነሣው ፎቶ ላይ አንተም በሸሚዝ ነህ፤ ያኛውም ፌስቡክ ላይ አለ፣ ልብ ያለው ሰው ጠፋ እንጂ። ከሻይ በኋላ ግን ኮት እስከ አንገትህ ቆልፈሃል። አምሮብሃል ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን አልክድም። ሥሩ ምን ነበር?»

ፎቶውን ወደ እሷ መለሰው።

«ልንገርህ? ሥሩ እስከ ብብት የራሰ ሸሚዝ ነበር። ሳባ ጨርቅ ሰጥታሃለች፤ ሸራዋንም ትፈልገዋለች። የገንዳችሁን ውኃ ዛሬ ቀድተን አስመርምረናል፤ የያዘው ዚንክ ነው። ሳምሶን የተነፈሰውም እሱኑ ነው።»

ልዑልሰገድ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ጠርሙሱን ብቻ ነበር የፈለግሁት» አለ። «ጣውላው ላይ ቆሞ ቀዳ። ወደ ጅረቱ የሚገባው በዛ ስለተባልኩ ግማሹን ወደ ገንዳው አዛወርኩት እንጂ ማንንም ልጎዳ አላሰብኩም። ስጠኝ አልኩት፣ እምቢ አለ። ቦርሳውን ሳብኩት፤ ማንገቻው ተበጠሰና ወደ ኋላ ገንዳው ውስጥ ወደቀ።»

«መውጣት አልቻለም?»

«ቆርቆሮው ያዳልጣል። መያዣ የለውም።»

«እጅህን ሰጠኸው?»

«ሸሚዜ ለምን የራሰ ይመስልሻል?»

«እጅህን ሰጠኸው ወይ ነው ያልኩህ።»

«ሰጠሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ያዘኝ። በሌላው እጁ ግን ጠርሙሱን አለቀቀም። አየሁት… ከዚያ እኔ ለቀቅሁት።»

ሚካኤል መጻፉን አቆመ።

«ከዚያስ?»

«ደወል ተደወለ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር።»

«ማታ ለምን ጌታነህ አጥር ሥር?»

«ዛቻውን ሁሉም ሰምቶ ነበር።» ቀና ብሎ አያት። «እህቴ…»

«ኢንስፔክተር» አለችው።

*

አርብ ጠዋት ኮማንደር ሽበሺ የመፈቻውን ወረቀት ገፋ አደረገላት። «'በማስረጃ እጦት ተለቋል' ብለሽ ጻፊና አሰናብቺው።»

«ማስረጃማ አለ። ንጹሕ ለመሆኑ ነው ማስረጃው።»

«ምን ለውጥ አለው? ይወጣል አይደል?»

«እኛ ማስረጃ አጣን ካልን እሱ ገድሎ አመለጠ ማለት ነው። ቃል ለውጥ የለውም ያልነው አንዴ ይበቃናል፣ ኮማንደር።»

ጻፈችው፤ ሌላ ሰው እንደገደለ፣ ጌታነህ እጁ እንደሌለበት፣ ጣቢያው በስሕተት እንደያዘው። ማኅተም አስመታችበት። ይዛም ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሄደች። ጌታነህ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለባብጦ አየውና መለሰላት።

«ይሄ ለእናንተ መሳቢያ ጥሩ ነው» አለ። «እኔ በዚህ ኦቾሎ አልወጣም።»

«ምን ማለቱ ነው?» አለች ወደ ሚካኤል ዞራ።

«እኛ ዘንድ ደም በወረቀት አይነጻም፣ ኢንስፔክተር። ዱቡሻ ላይ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ሸንጎ ላይ። የከሰሰው ሰው ራሱ ቆሞ ካልተናገረ ቃሉ እንደተሰቀለ ይቀራል።»

«የከሰሰው ማን ነው?»

ሚካኤል መሬት መሬት አየ። «እኛ ነን።»

ቅዳሜ ኦቾሎ ወጡ። ተራራው ጫፍ ላይ፣ አባያ ከሥር እንደ ቀይ ሸማ በተዘረጋበት፣ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሌላው ሕዝብ ቆሟል። ጌታነህና ወርቂቱ ከሁሉም ርቀው ብቻቸውን ናቸው። ኮማንደሩ ደውሎ «ፖሊስ ይቅርታ ሲጠይቅ የት አይተሻል?» ብሏታል፤ ስልኳን አጥፍታለች። ሰባት ዓመት ሙሉ የዚህን አገር ሰው ስትጠይቅ ኖራለች፤ አንድም ቀን ጠያቂው ሕዝቡ፣ መላሿ እሷ ሆና አታውቅም።

«ሳምሶንን የገደለው ሌላ ሰው ነው» አለች። «ተይዟል፤ አምኗል። ጌታነህ እጁ የለበትም። እኛ ተሳስተናል።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነበር። ሚካኤል ግን በጋሞኛ ሲተረጉም ረዘመ፤ ሲረዝምም ድምፁ ተሰበረ። ከኋላ ያሉት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወርቂቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን አልካቸው?» አለች ሮማነወርቅ በሹክሹክታ።

«ያሉትን ነው።»

«እኔ ይህን ያህል አልተናገርኩም።»

«ትንሽ ጨመርኩ» አለ ሚካኤል፣ ዓይኑን ከሽማግሌዎቹ ሳያነሣ። «ወረቀቱን በስሕተት ያነበብኩት እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ አልኳቸው። ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው።»

ነፋሱ ብቻ ነበር። ሮማነወርቅ ከፊታቸው ምንም ማንበብ አልቻለችም፤ ተቀበሉ? አልተቀበሉም? የሚናገሩት ነገር ቢኖርም አይገባትም፤ ዝምታቸውም አልገባትም።

ከዚያ ከመካከላቸው ዕድሜው የገፋው ሽማግሌ፣ በዘንጉ ተደግፎ፣ ድንጋዩ ላይ ወደ ግራ ተንፏቀቀ። አጠገቡ ያለውም ተንፏቀቀ። በሁለቱ መካከል ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተከፈተ።

ጌታነህ ባርኔጣውን አውልቆ መጣና ተቀመጠ።